ቤልጅጉ ለምን ይዝጋል? ለምንስ ይበትናል?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ (መንዝ) አንባቢያችን እንዲህ ይላሉ። «ከአባቴ የወረስኩት፣ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ። ኢላማ መተኮስ እወዳለሁ። ተኩሼ በገባሁ ቁጥር በነጭ ጋዝ ወልውዬ ዘይት አጠጣዋለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አፈሙዙ ውስጥ ቀይ ዝገት አገኛለሁ፤ ክረምት ላይማ ይብሳል። ድሮ በ100 ሜትር አምስት ጥይት መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ አሁን የሰፌድ ያህል ይበትናል። አንድ ሰው ‹አፈሙዙ አርጅቷል፣ ጫፉን አስቆርጠው› ብሎ መከረኝ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ አያስቆርጡት። ያለብዎት ሁለት ችግር ነው፤ ሁለቱም ቤትዎ ውስጥ ሊመረመሩ ይችላሉ። በዝገቱ እንጀምር፤ በየቀኑ ጠመንጃዎን እየበላ ያለው እሱ ነውና።

ነጭ ጋዙ ጥላሸትና የቆየ ዘይት በደንብ ያነሳል። ዝገቱን የሚያመጣው ግን ጥላሸቱ ሳይሆን ጨው ነው። ለ7.9 ሚሊ ሜትር ቤልጅግ በገጠር እጅ ላይ የሚገኘው ጥይት በአብዛኛው የቆየ የወታደር ጥይት ነው። በእነዚህ ጥይቶች ቀለህ ቂጥ ላይ፣ መርፌው የሚመታት ክብ መቀጣጠያ ውስጥ፣ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ቅመም አለ። ይህ ቅመም ሲነድ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ ይህ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይረጫል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል።

ጨው በነጭ ጋዝ አይሟሟም፤ በቤንዚንም በዘይትም አይሟሟም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። እርስዎ ጥላሸቱን በጋዝ አንስተው ዘይት ሲቀቡ ጨውን ከዘይቱ ሥር ቀብረው ይተዉታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ጨዉ ተኝቶ ይቆያል፤ በሐምሌ የመንዝ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ ይነሳል። ክረምት ላይ የሚብስብዎት ለዚህ ነው። «ብረት ላይ ውሃ አይፈስም» የሚለው የቆየ ፍርሃት ብዙ ጥሩ ጠመንጃ አበላሽቷል፤ ጉዳቱ ያለው ሳይደርቅ በሚቀረው ውሃ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተኮሱ በኋላ በዚያው ቀን፣ ሳያድር፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይቶቹን ሌላ ክፍል ያኑሩ። መቀባበያውን (ጥይት የሚያጎርሰውን ተንሸራታች ብረት) ይክፈቱ፤ በግራ በኩል ያለችውን መያዣ ወደ ውጭ ሳብ አድርገው መቀባበያውን በሙሉ ወደ ኋላ ያውጡት። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ውሃ ያፍሉ። እናንተ ጋ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ ወደ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ይበቃል። ከማንቆርቆሪያ በቀጥታ ማፍሰስ እንጨቱ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ አንድ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ ከማንቆርቆሪያው አፍ ጋር ያያይዙና የቱቦውን ጫፍ ጥይት በሚጎርስበት በኩል ይሰኩት። የአፈሙዙን ጫፍ ባልዲ ውስጥ አቁመው ውሃውን በሦስት ዙር ያፍስሱ፤ በመካከሉ የነሐስ ብሩሽ አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱ። ሳሙና ቢጨምሩ ጥላሸቱን ያግዛል፤ ለጨዉ ግን ውሃው ብቻውን በቂ ነው። እጅዎን በወፍራም ጨርቅ ይጠብቁ፤ አፈሙዙ ያቃጥላል። ይህ ሙቀት ጠቃሚ ነው፦ ብረቱ ራሱ የቀረውን እርጥበት ያተናል።

ከዚያ 3.5 ሴንቲ ሜትር በ3.5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ንጹህ የጥጥ ጨርቅ በመወልወያ ዘንግ እያስገቡ ደርቆ እስኪወጣ ይጥረጉ። አሁን ነጭ ጋዙ ተራው ደረሰ፤ አንድ ሁለት ጨርቅ ያሳልፉ። ቀጥሎ አንድ ጨርቅ ላይ ሦስት አራት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርገው ያሳልፉ። ከዚህ በላይ ዘይት አያስፈልግም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይጠቀሙ፤ ውስጡ አሲድና የብረት ብናኝ አለ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ንጹህ ጨርቅ አሳልፈው ይዩ። ቡናማ ከመጣ እጥበቱን ይድገሙት።

ጨዉ የመቀባበያውን ፊትና የመርፌዋን ቀዳዳም ይደርሳል፤ እነሱንም በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ። መርፌዋና ስፕሪንጓ ላይ ግራሶ አይቀቡ። በመንዝ ውርጭ ጠዋት ግራሶ ስለሚጠጥር መርፌዋ ትዘገያለች፤ ከዚያ «ጥይቱ ከሸፈ» ይባላል።

ስለ አቀማመጥ፦ በቆዳ አፎት ውስጥ አያሳድሩት። ቆዳ ሲለፋ ጨው ሊነካው ይችላል፤ እርጥበትም ይይዛል። ምድጃ በላይ መስቀልም ጥሩ አይደለም፤ ከጭሱ ጋር የድስቱ እንፋሎት አብሮ ይወጣል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲያስገቡ ብረቱ ያልበዋል፤ ከደጋ ወደ ቀወት ቆላ ሲወርዱም እንደዚሁ። ግማሽ ሰዓት ቆይተው ደግመው ይጥረጉት። ቀድሞ የተቆፈረው ዝገት በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ይነሳል፤ ጉድጓዱ ግን አይሞላም። ጥቂት ጉድጓድ ያለበት አፈሙዝ አሁንም ደህና ሊመታ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ብቻ ይፈልጋል። በብርጭቆ ወረቀት አይንኩት። በተለይ የመለያ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ እንዳይነኩ፤ ፈቃዱ የሚመሳከረው በእሱ ነው።

አሁን ወደ መበተኑ። ምንም ከመፍታትዎ በፊት በወረቀት ላይ ይፈትኑት፤ በድንጋይና በቆርቆሮ ላይ መተኮስ ምንም አያስተምርም። ኢላማው ኋላ ጥይት የሚውጥ የአፈር ግንብ ይሁን። የገደል አፋፍ ላይ አያቁሙ፤ የ7.9 ጥይት ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ከሥር ደግሞ መንደር አለ። ድንጋይም ጥይት ያነጥራል። የጠመንጃውን የፊት እንጨት በአፈር በተሞላ ጆንያ ላይ ያስደግፉ፤ አፈሙዙን ግን በቀጥታ ምንም ላይ አያስነኩ። አፈሙዙን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዘይት ያለበት አፈሙዝ የመጀመሪያውን ጥይት ሌላ ቦታ ይልካል። ከዚያ ቀለሁ ቂጥ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ የሆነ አምስት ጥይት መርጠው፣ በየመካከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ እየጠበቁ ይተኩሱ።

ወረቀቱን በጥሞና ይዩት። አምስቱ ተቀራርበው ከመሃል ከራቁ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ የተዛባው ማነጣጠሪያው ነው። አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ በአንድ አቅጣጫ እየሸሹ ከሄዱ፣ አፈሙዙ በሞቀ ቁጥር እንጨቱ እየገፋው ነው። በሁሉም አቅጣጫ ከተበተኑ የላላ ቪቴ (ብሎን)፣ የተጎዳ የአፈሙዝ ጫፍ ወይም የተደባለቀ ጥይት ይጠርጥሩ። የእርስዎ አነጋገር ወደዚህ ሦስተኛው ያደላል።

በቪቴዎቹ ይጀምሩ፤ ወጪ የለውም። ቤልጅግ ብረቱንና እንጨቱን የሚያጣብቁ ሁለት ቪቴዎች ከሥር አሉት፦ አንዱ ከጥይት ሳጥኑ ፊት፣ ሌላው ከምላጩ መከለያ ኋላ። አጠገባቸው ትንንሽ መቆለፊያ ቪቴዎች ካሉ በቅድሚያ እነሱን ይፍቱ። ካቻቢቴው የቪቴውን ስንጥቅ ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ የቀጠነ ካቻቢቴ የቪቴውን ራስ ይላጫል። መጀመሪያ የፊቱን ያጥብቁ፣ ቀጥሎ የኋላውን። የኋላው ቪቴ የሚያልፍባት ትንሽ የብረት ቱቦ እንጨቱ ውስጥ አለች። እንጨቱ ሲጨመቅ ልኩን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ብዙ ጠመንጃ ሲፈታ የምትጠፋውም እሷ ናት። ከሌለች፣ ቪቴው ቢጠብቅም እንጨቱ በተለዋወጠ ቁጥር ይላላል። ማንኛውም የቶርኖ ባለሙያ በልኩ ሊያወጣት ይችላል።

እንጨቱን ካወጡ አይቀር ውስጡን ይዩ። አፈሙዙ በሚተኛበት ቦይ ላይ ጠቁሮ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ እዚያ ይፋተጋል። ክብ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ነጥቡን ብቻ በስሱ ያነሱ። ከዚያ ቦዩን በተልባ ዘይት ያጥግቡ፤ በስሱ ቀብተው ከመጠን ያለፈውን ጠርገው፣ ለቀናት አድርቀው ይድገሙ። እንጨቱ የክረምት ውሃ የሚጠጣው ባልተቀባው ውስጡ በኩል ነው። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ሲቀመጥ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል፤ ዘርግተው ደጅ ያድርቁት።

ቀጥሎ የፊቱን ማነጣጠሪያ በጣት ገፋ አድርገው ይሞክሩ። ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ተገኘ። ጤነኛ ሆኖ ከመሃል ብቻ ከራቀ፣ ጥይቱ በሄደበት አቅጣጫ ይግፉት፦ ወደ ቀኝ ከመታ ወደ ቀኝ። በመዳብ ቁራጭ ላይ በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት። በፊቱና በኋላው ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ከሆነ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በ100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያዛውራል። የኋላው ማነጣጠሪያ ዝቅተኛ ቁጥር 200 ወይም 300 ከሆነ በ100 ሜትር ከፍ ብሎ መምታቱ የተፈጥሮው ነው፤ አያርሙት።

የአፈሙዙ ጫፍ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ብዙ ሰው በብረት ሽቦ ከፊት በኩል ይወለውላል፤ ሽቦው ጫፉ ላይ ያሉትን ጠመዝማዛ ጎድጎዶች በአንድ ጎን ይበላል። ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ በዚያ በተበላው ጎን ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ያንጋድደዋል። ንጹህ ጥጥ በጫፉ ዙሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጥረጉ፤ ጥጡ በአንድ ቦታ ከተያዘ ጫፉ ተቧጥጧል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አፈሙዙ ውስጥ፣ ከጫፉ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይወትፉ። ራሱ ክብ የሆነ፣ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የነሐስ ቪቴ በእጅ መሰርሰሪያ ላይ ያስሩ፤ ራሱ ላይ ጋራዦች ቫልቭ የሚያሹበትን ቅባት ይቀቡ። በአፈሙዙ አፍ ላይ አድርገው በዝግታ ያሽከርክሩ፤ እያሽከረከሩም መሰርሰሪያውን በክብ ያዟዙሩት፣ አለበለዚያ ነሐሱ በአንድ በኩል ይበላል። በየደቂቃው እየጠረጉ ይዩ። በጎድጎዶቹ ጫፍ ዙሪያ እኩል የሆነ ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ሲታይ ያቁሙ። ቅባቱን ጠርገው፣ ውትፉን ከኋላ ወደ ፊት ገፍተው ያውጡ፤ ከዚያ ይጠቡት። ከእንግዲህ ሁልጊዜ ከኋላ በኩል ይወልውሉ፤ ቤልጅግ መቀባበያው ስለሚወጣ ይህ ያመቻል።

ጥይቱን በተመለከተ፣ የቀለሁን ርዝመት ይለኩ፤ 57 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 51 ሚሊ ሜትር የሆነው የ7.62 ጥይት ሊጎርስና ሊተኮስም ይችላል፤ ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ፊትዎ ሊመጣ ይችላል። ምላጭ ስበው ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ግንቡ እንዳነጣጠሩ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ የቆየ ጥይት ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል። ድምፁ ደክሞ «ፍስ» ካለ ደግሞ ሁለተኛ አይተኩሱ። መቀባበያውን አውጥተው በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ይዩ፤ እርሳሱ መሃል ላይ ቀርቶ ከሆነ የሚቀጥለው ጥይት አፈሙዙን ይቀደዋል። የተተኮሱትን ቀለሆችም ከሥራቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመርምሩ። እዚያ የሚያበራ ቀለበት ወይም ስንጥቅ ካለ፣ መቀባበያውና አካሉ አልተስማሙም ማለት ነው። የሁለቱን ቁጥር ያመሳክሩ፤ ከተለያየ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሳይለካው አይተኩሱበት።

ስለ ማስቆረጡ፦ ጫፉን መቁረጥ የፊቱን ማነጣጠሪያ መሠረት ይነቅላል፤ የመጋዝ ቁርጥም ዛሬ ካለው የባሰ ጫፍ ይሰጥዎታል። በመጀመሪያ ቪቴዎቹን አጥብቀው አምስት ጥይት በወረቀት ላይ ይተኩሱ። ከተበተነ ጫፉን በነሐሱ አሽተው በዚያው ዓይነት ጥይት ሌላ አምስት ይሞክሩ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረጉ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅዎትም።