የቀድሞው ምክትል ወረዳ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ቁልፉ በእኛ እጅ ነው፤ ምን ማድረግ እንችላለን?

ጥያቄ፦ በጣና ዳር የሚገኝ የገጠር ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። በመንደራችን በንጉሡ ዘመን የምክትል ወረዳ (ከወረዳ በታች የነበረ የመንግሥት አስተዳደር) ጽሕፈት ቤት የነበረ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ቤት አለ። ቦታውን የሰጡት አያቴ ሲሆኑ ድንጋዩን አጓጉዞ ግድግዳውን ያቆመው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎም የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። አባቴ የቤቱ ዘበኛ ስለነበሩ ቁልፉ እስካሁን በእኛ እጅ ነው፤ ውስጡም አሮጌ መዛግብት የሞሉበት ሣጥን አለ። አሁን ቀበሌው ቤቱን አፍርሶ ቆርቆሮውንና እንጨቱን በጨረታ ሊሸጥ ነው። ቤቱ የቤተሰባችን ነው ብለን መክሰስ እንችላለን? ወጣቶቹስ ገንዘብ አዋጥተው በሲሚንቶ ቢለስኑት ይፈቀዳል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀው ቀርበዋል፤ አንደኛው ቤቱ የማን ነው የሚል፣ ሁለተኛው ቤቱ መፍረስ አለበት ወይ የሚል ነው። በመጀመሪያው ክርክር ቢገቡ እንደሚሸነፉ ሳልሸሽግ ልነግርዎ እወዳለሁ፤ ሽንፈቱም ጠንካራውን ሁለተኛ ጥያቄዎን የግል ጥቅም ፍለጋ አስመስሎ ያዳክመዋል።

ምክንያቱን ባጭሩ ላስረዳ። አያትዎ የሰጡት መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 ከሌላው የገጠር መሬት ጋር የሕዝብ ንብረት ሆኗል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3)ም የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። ቤቱን ለረጅም ጊዜ ይዘነዋል የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1168 ባለይዞታው ባለቤት ለመሆን ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብር እንዲከፍል ይጠይቃል፣ ቁጥር 1455 ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ ንብረት በዚህ መንገድ እንደማይገኝ ይገልጻል። ከሁሉም በላይ አባትዎ ቁልፉን የያዙት በዘበኝነት፣ ማለትም ለሌላው ሆነው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በእኛ አካባቢ ቅርስ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የዘጌና የደሴቶቹ ገዳማት ወይም የጎርጎራ ፍርስራሽ ነው፤ የጭቃ ቤት ቅርስ ይባላል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በታሪክ፣ በባህል ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሆኑን እንጂ የዕድሜ ገደብ አላስቀመጠም፤ ከማይንቀሳቀሱ ቅርሶች መካከልም ሕንጻን በስም ጠቅሷል። ስለዚህ ማስረዳት ያለብዎ የቤቱን ታሪካዊ ዋጋ ነው። በላኩልኝ ፎቶግራፍ ላይ በረንዳው ሥር ባለጉዳይ ይቀመጥበት የነበረው የድንጋይ መደብ መሐሉ ተበልቶ ለስልሷል፤ እኔ ብሆን ማመልከቻዬን ከዚያ መደብ እጀምር ነበር። የገጠሩ ሰው ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው፣ ግብሩን የከፈለውና አቤት ያለው እንደዚህ ባሉ ቤቶች ደጃፍ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት አዋጁን ተከትሎ የተደራጀው የገበሬ ማኅበር በዚያው ጣሪያ ሥር መቀመጡ የሥርዓት ለውጡን በአንድ ግድግዳ ላይ የሚያሳይ ነገር ነው። በዚያ ቤት አጥቢያ ዳኛ ያስችል እንደነበረ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሉ ቃላቸውን አሁኑኑ በጽሑፍ ይቀበሉ። በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው ያ ዳኛ ከ25 ብር ያልበለጠ ክርክር ብቻ ቢያይም፣ ለብዙው ገበሬ የሚያውቀው ፍርድ ቤት እርሱ ነበር።

ሣጥኑን በሚመለከት አንድም ወረቀት እንዳይጣል፣ ለመጠቅለያም እንዳይውል አደራ እላለሁ። በጥብቅና ሥራዬ የምስጥ ቅሪት የሆነ አንድ የግብር ደረሰኝ የረጅም ጊዜ ክርክር ሲቋጭ አይቻለሁ። የመንግሥት መዛግብት በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ጥበቃ ስላላቸው ከቤቱ ጋር አብረው በማመልከቻው ይጠቀሱ።

ማመልከቻው ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሆኖ፣ ግልባጩ ባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይድረስ። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን እንዲያጠናና እንዲመዘግብ፣ እስከዚያም ጨረታው እንዲታገድ። የነዋሪዎች ፊርማና ፎቶግራፍ ይያያዝ፤ የገቢ መዝገብ ቁጥር ሳይሰጥዎ ከጽሕፈት ቤቱ አይውጡ። በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዳይሄዱ የምመክረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 33(2) ከሳሹ በክርክሩ ጥቅም ወይም መብት እንዲኖረው ስለሚያስገድድ ነው። የአካባቢ ብክለትን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ሳይል እንዲከስ ፈቅዷል፤ ለቅርስም ተመሳሳይ በር ሊከፈት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚህ የተነሳ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ከሳሽ ሆኖ ቢቀርብ የሚሻለው ቅርስን የመጠበቅ ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት ነው፤ እርሱ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት የእግድ ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ዝም ካለ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ። በየማመልከቻው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 91(2) ይጥቀሱ፤ ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ይላልና።

የወጣቶቹ አሳብ ልብ የሚነካ ነው፤ ሲሚንቶው ግን ይቅር። በአዋጅ 209/1992 የቅርስ ጥገና አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከሕጉም ሌላ፣ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲሸፈን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጡን ይበላዋል፣ በሐይቅ ዳር ደግሞ ይብሳል። ያዋጡትን ገንዘብ ክረምቱ ሳይገባ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በጊዜያዊነት ለመሸፈን ይጠቀሙበት፤ ይህንንም ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

የመጨረሻው ቁልፉ ነው። ቀበሌው ከጠየቀ አልሰጥም ብለው በሩን አይዝጉ፤ ቤቱን የያዙበት የግል መብት ስለሌለዎ እምቢታው በእርስዎ ላይ ይዞራል። ነገር ግን በቃል አያስረክቡ። በሁለት ምስክሮች ፊት የበርና የመስኮት ብዛት፣ ሣጥኑና በውስጡ ያሉት መዛግብት አንድ በአንድ ተቆጥረው በርክክብ ሰነድ ይስፈሩ፤ ተረካቢው ፈርሞና ማኅተም አድርጎ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ይስጥ።