የባክቴሪያ እድገት ሞዴሎችና የፓራሜትር ግምት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኦዲ (የባክቴሪያው ፈሳሽ ድፍርስነት ንባብ) በ2 ሰዓት ውስጥ ከ0.09 ወደ 0.24 ወጣ። የእድገት ፍጥነቱ በሰዓት 0.49 ሆነብኝ፤ 0.7 አካባቢ ነበር የጠበቅሁት።

መልስ፦ የባዶው ሚዲያ (ባክቴሪያ የሌለበት ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ብላንክ) ንባብ ተቀንሷል? ባዶው 0.04 ከሆነ እውነተኛው ጭማሪ ከ0.05 ወደ 0.20 ነው፤ አራት እጥፍ። የ4 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም 1.386፣ ለ2 ሲካፈል 0.69። ብላንክ ሳይቀነስ ሲቀር በጣም የሚዛባው ዝቅተኛው ንባብ ስለሆነ እድገቱ የዘገየ ይመስላል። ከላይ ደግሞ ኦዲ 0.4 ገደማን ሲያልፍ ከህዋስ ብዛት ጋር እኩል መራመዱን ያቆማል፤ ናሙናውን አቅጥናችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ባቀጠናችሁት ልክ አባዙ።

ጥያቄ፦ ኮሎኒ ቆጥሬያለሁ። ሞዴሉን ከጥሬው ቁጥር ጋር ላስማማ ወይስ ከሎጋሪዝሙ?

መልስ፦ ከሎጋሪዝሙ። የቆጠራ ስህተት ከቁጥሩ ጋር አብሮ ስለሚያድግ በጥሬው ከሄዳችሁ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ነጥቦች ግራፉን ለብቻቸው ይጎትቱታል። በ10 መሠረት ከሠራችሁ ስሎፑን (የመስመሩን ተዳፋት) በ2.303 ማባዛት እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ የእድገት ፍጥነትን ከምግቡ መጠን ጋር በሚያያይዘው የሞኖድ ሞዴል ሚዩ ማክስ (ከፍተኛው የእድገት ፍጥነት) ጥሩ ይወጣል፤ ኬኤስ (ፍጥነቱ የከፍተኛው ግማሽ የሚሆንበት የምግብ መጠን) ግን በየሙከራው ይዋልላል። ሶፍትዌሩ ይሆን?

መልስ፦ ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም፤ ዳታው ስለ ኬኤስ የሚናገረው ነገር የለም። በሊትር 10 ግራም ግሉኮስ ይዛችሁ ጀመራችሁ፣ ኬኤስ 5 ሚሊግራም ነው እንበል። ባክቴሪያው እስከ መጨረሻው ድረስ በሙሉ ፍጥነቱ ያድጋል። ግሉኮሱ 20 ሚሊግራም ሲቀር ባዮማሱ (የባክቴሪያው ክብደት) 5 ግራም ደርሷል (ከ1 ግራም ግሉኮስ ግማሽ ግራም ባዮማስ ይገኛል ብለን)፤ በሚዩ ማክስ 0.7 በሰዓት 7 ግራም፣ በሰከንድ 2 ሚሊግራም ገደማ ይበላል። ኬኤስ የሚታይበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በየ30 ደቂቃው ናሙና የሚወስድ ከየት ያገኘዋል?

ኬሞስታት (አዲስ ሚዲያ እየገባ በዚያው ልክ እየወጣ ባክቴሪያ የሚያድግበት ዕቃ) ካለ አራት አምስት የማቅጠኛ ፍጥነት (ሚዲያው የሚተካበትን ፍጥነት) መርጣችሁ፣ ሁኔታው ሲረጋጋ ቀሪውን ግሉኮስ ለኩ። ናሙናውን በወጣበት ቅጽበት አጣሩት፤ አለዚያ ባክቴሪያው ቱቦው ውስጥ ሆኖ ቀሪውን ይጨርስባችኋል። ኬሞስታት ከሌለ ኬኤስን ከታተመ ሥራ ወስዳችሁ እሰሩት (ሳይገመት ባለበት ይቆይ)፣ ማሰራችሁንም ጻፉ።

ጥያቄ፦ የፍጥነቱንና የግሉኮሱን መጠን ገልብጦ የሚስለው የላይንዌቨር-በርክ ቀጥታ መስመርስ?

መልስ፦ ለመነሻ ግምት ብቻ። ቁጥር ሲገለበጥ የትንሿ ንባብ ስህተት ትገዝፋለች።

ጥያቄ፦ ለእድገት ግራፉ የትኛው ሞዴል፣ ጎምፐርትዝ ወይስ ባራኒ?

መልስ፦ ሁለቱም ያገለግላሉ። በተሻሻለው ጎምፐርትዝ ግራፉ በዜሮ ሰዓት በትክክል ከመነሻው ቁጥር ላይ አይጀምርም፤ የላጉ (እድገቱ ከመጀመሩ በፊት ያለው የመዘግየት ጊዜ) ርዝመትም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የአንዱን ላግ ከሌላው ጋር አታወዳድሩ።