በኤክሴል ቅጽ ላይ ምኑ ይጻፍ፣ ምኑ ይመረጥ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ሽያጭ የሚመዘግቡት ሦስት ልጆች ናቸው፤ የኤክሴል ቅጽ ሠርቼላቸዋለሁ። ወር ሲያልቅ ግን ሒሳቡ አይገጥምልኝም። አንዱ «ፌሮ 12» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ባለ 12 ፌሮ»፣ ሌላዋ «ፌሮ ባለ12»። ኮምፒውተሩ ሦስት ዕቃ አድርጎ ይቆጥርብኛል። የደንበኛ ስምም እንዲሁ ነው። ሁሉንም በምርጫ ላድርገው?
ወ/ሮ ሰ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጆቹን አይቆጧቸው። ባዶ ሳጥን ከተሰጠው ሰው ሁሉ እንደመጣለት ይጽፋል። ሁሉንም በምርጫ ማድረግ ግን አያዋጣም። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ረጅም ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ያሰለቻል፤ የሰለቸ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይነካል።

ዕቃውን በሁለት ደረጃ ያስመርጡ። መጀመሪያ ዓይነቱ ይመረጥ፦ ፌሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም። ፌሮ ሲባል ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12 ብቻ ይምጣ። ይህን «ዳታ ቫሊዴሽን» (ሳጥኑ ምን እንደሚቀበል የሚወስኑበት የኤክሴል መሣሪያ) ውስጥ «ሊስት» ከ«ኢንዳይሬክት» ፎርሙላ (በተመረጠው ዓይነት ስም የተሰየመውን ዝርዝር ከሚያመጣው) ጋር ይሠራልዎታል። ብዛትና ዋጋ ይጻፉ፤ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ያድርጉ።

አከፋፈሉ ቀላል ነው፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ባንክ፣ ቴሌብር፣ ዱቤ። አደራ፣ «ጥሬ ገንዘብ»ን አስቀድመው ሞልተው አይተዉት። ልጆቹ ሲጣደፉ እንዳለ ያልፉታል፤ ዱቤው ሁሉ የተከፈለ ይመስላል።

ደንበኛን በስም አይለዩ። «ፀሐይ» ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ያውቁታል። በስልክ ወይም በቲን ቁጥር ይለዩት። ቲን 10 አኃዝ ስለሆነ ርዝመቱን 10 ብለው ይወስኑት። ሳጥኖቹን አስቀድመው «ቴክስት» ያድርጓቸው፤ አለዚያ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይበላዋል።

ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሳይታወቅ ሒሳብ የሚያበላሸው እሱ ነው። ኤክሴል ቀን ብሎ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ነው። ልጁ ጳጉሜን 3 ቀን 2017ን 3/13/2017 ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ማርች 13 አድርጎ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። ተሳስተሃል አይለውም። ስለዚህ ሦስት ሳጥን ይስጧቸው፦ ቀን ከ1 እስከ 30፣ ወር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ከዚያ ዓመት። ሦስቱም በምርጫ ይሁኑ።

ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ አዲስ ዕቃ መምጣቱ አይቀርምና «ሌላ» የሚል ምርጫም ያስገቡ፤ ጎኑ የማስታወሻ ሳጥን ይኑረው። ሳምንት ሳምንት እርስዎ ራስዎ እያዩ ወደ ዝርዝሩ ያስገቡት። ከሌላ ፋይል ኮፒ አድርገው ቅጹ ላይ ፔስት እንዳያደርጉም ይንገሯቸው፤ ያኔ ያስቀመጡት ምርጫና ገደብ ሊጠፋ ይችላል።