«መስቀልሽ ነው፤ ቻዪው» ለተባለች እኅት የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በተክሊል ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፤ ሦስት ልጆችም አሉን። ባለቤቴ ዲግሪውን እንዲጨርስ ብዬ የጀመርሁትን የነርስነት ትምህርት በሁለተኛው ዓመት አቋረጥሁ፤ ወርቄንም ሸጥሁ። ዛሬ እርሱ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆኗል። እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ በእንግዳ ፊት ግን «አንቺ ዝም በዪ፣ ምን ታውቂያለሽ» ይለኛል። ሐኪም በማሕፀኔ ዕጢ እንዳለ ነግሮኝ እንድታከም ካዘዘኝ ዓመት ሊሞላ ነው፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ስለ ደረሰ ለማንም ሳልናገር አሳለፍሁት። የማታ ትምህርት ልቀጥል ብዬ ብጠይቀው «መጽሐፉ ሚስት ለባልዋ ትገዛ ነው የሚለው» አለኝ። የጽዋ ማኅበር እኅቶቼም «መስቀልሽ ነው፤ ቻዪው። ሴት ልጅ እንደ ሻማ እየቀለጠች ነው ለቤቷ የምታበራው» ይሉኛል። እኔ ግን ቀልጬ ያለቅሁ መሰለኝ። ለራሴ ማሰቤ ኃጢአት ነውን? በልቤ ቂም ስላለ ከቅዱስ ቁርባን ከራቅሁም ሰንብቻለሁ።

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ለራስሽ ማሰብሽ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንድንወድ ሲያዝዝ፣ ሰው ራሱን መውደዱን የፍቅር መለኪያ አድርጎ አስቀመጠው እንጂ አልነቀፈውም። ራስዋን እንደ ምናምን የቆጠረች ሴት ባልንጀራዋን የምትለካበት መስፈሪያ ከእጅዋ ወድቆባታል። ነገሩ በዚህ ብቻ ስለማይፈታ ግን ከጻፍሽልን ቃል እየተነሣሁ ላስረዳሽ።

እኅቶችሽ የነገሩሽ የሻማ ምሳሌ በሀገራችን ብዙ ጊዜ በምስጋና መልክ ይነገራል፤ እናቶቻችንንም የምናመሰግነው በእርሱ ነው። ሆኖም ለክርስቲያን ሴት ሲነገር ልብ ልንለው የሚገባ ጉድለት አለበት። በቅዱስ ሥዕል ፊት ጧፍ ስናበራ ሰሙን «ልትቀልጥ ትፈቅዳለህን?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ ነዶ ሲያልቅም ቅሪቱ ተፍቆ ይጣላል፤ በቦታውም ሌላ ይተካል። ሰው እንዲህ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰውን በእግዚአብሔር መልክ እንደ ፈጠረው ከተናገረ በኋላ «ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው» የሚለው፣ ያ መልክ ለወንዱ ተሰጥቶ ለሴቲቱ በውሰት የደረሳት እንዳይመስለን ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ በሥራ ታሳያለች። ሴት ሕፃን በተወለደች በ80 ቀኗ በእናቷ ክንድ ላይ ሆና ወደ ጥምቀት ስትመጣ ለማንም ያገለገለችው፣ ለማንም የሠዋችው አንዳች ነገር የላትም፤ ያን ዕለት ግን የእግዚአብሔር ልጅ ትባላለች፣ በሜሮን ትከብራለች፣ ሥጋውንና ደሙን ትቀበላለች። ብዙዎቻችሁ በክርስትና ስማችሁ የምትሸከሙት «ወለተ» የሚለው የግእዝ ቃል «ልጅ» ማለት ነው። እንግዲህ ክብርሽ ከድካምሽ በፊት የነበረ ነውና ድካምሽን ያላየልሽ ሰው ክብርሽን ሊወስድብሽ አይችልም።

መሥዋዕትን ከዚህ ተነሥተን ስናየው ጠባዩ ይገለጥልናል። ጌታችን ነፍሱን ስለ መስጠቱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሏል፤ የመስቀሉ ክብር ከመከራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከዚህ ፈቃድ የሚመነጭ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ወደ እመቤታችን ሲላክም ነገሩ በላይዋ እንዲሁ አልተፈጸመም፤ እርሷ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብላ ጠየቀች፣ መልአኩም በትሕትና መልሶ አስረዳት፣ ከዚያ በኋላ «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» አለች። እግዚአብሔር የአንዲትን ድንግል ፈቃድ እንዲህ ከጠበቀ፣ ባል የሚስቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ዕድሜዋን እንደ ቤት ዕቃ ሊጠቀምበት ከየት ሥልጣን ያገኛል? አንቺ ያን ጊዜ ትምህርትሽን ያቋረጥሽው ወድደሽ ከሆነ ያ እውነተኛ ስጦታ ነበር፤ በእግዚአብሔር ፊትም አልጠፋም። ስጦታው በየዓመቱ እንደ ግብር የሚጠየቅ ሲሆንና ሰጪዋ ስትናቅበት ግን ጠባዩ ተለውጧል።

አሁን ባለቤትሽ ወደ ጠቀሰው ወደ ኤፌሶን መልእክት እንምጣ፤ ብዙ እንባ የፈሰሰው ይህን ቃል በጎደሎ በመጥቀስ ነውና። እኛ መምህራንም በዚህ ጥፋት አለብን፤ በየሠርጉ ቆመን ምዕራፍ 5 ቁጥር 22ን አስረዝመን ሰብከን ሌላውን በጥድፊያ ያለፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሚስቶች ከመናገሩ በፊት በቁጥር 21 ምእመናን ሁሉ በክርስቶስ ፍርሃት አንዱ ለሌላው እንዲገዛ አዝዟል። የሚስት መገዛት የተነገረው በዚህ ጥላ ሥር ነው። ከዚያም ለሚስቶች የተናገረው በሦስት ቁጥሮች ሲያልቅ፣ ለባሎች የሚሰጠው ትእዛዝ ከቁጥር 25 ጀምሮ የምዕራፉን ቀሪ ክፍል ከሞላ ጎደል ይዟል፤ ሸክሙም የከበደ ነው። ባል ሚስቱን እንዲወድድ የታዘዘው ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን በወደደበትና ስለ እርስዋ ራሱን አሳልፎ በሰጠበት መጠን ነው፤ እንደ ገዛ ሥጋውም ሊመግባትና ሊከባከባት ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ስለ ሌላው እንዲሞት በግልጥ የታዘዘ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ባል ነው። ባለቤትሽ መጽሐፉን መጥቀሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጠቀሰው ለአንቺ የተጻፈውን ነው፣ ለእርሱ የተጻፈውን ደግሞ ሊጠየቅበት ይገባል። የገዛ ሥጋውን በእንግዳ ፊት የሚያዋርድ ማን ነው?

«ፈቃድሽም ወደ ባልሽ ይሆናል፥ እርሱም ገዥሽ ይሆናል» የሚለውንም ሰዎች እንደ ጋብቻ ሕግ ሲጠቅሱት እሰማለሁ። ይህ ቃል የተነገረው ከውድቀት በኋላ ነው፤ የመርገም ዘመን ምን እንደሚመስል ይገልጣል። ከውድቀት በፊት የተነገረው «ረዳት» የሚለው ነበር። ረዳት መሆንም ማነስ አይደለም፤ በመዝሙር 120 ዳዊት «ረዳቴ ሰማይና ምድርን ከሠራ ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው» ይላልና። በዕብራይስጡ በሁለቱም ቦታ ያለው ቃል አንድ ሥር ያለው ነው። እኛ የምንጋባው ደግሞ በመርገሙ ሳይሆን በምሥጢረ ተክሊል ነው። የሠርግሽን ዕለት አስታውሺ፤ ካባው የተደረበው በሁለታችሁ ትከሻ ላይ ነበር፣ አክሊሉም የተደፋው በሁለታችሁ ራስ ላይ ነበር፣ ከአንድ መሠዊያም ተቀብላችኋል። አክሊል የንግሥና ምልክት ነው፤ የሰማዕታትም ምልክት ነው። በአንድ ቤት ንግሥናው ለአንዱ፣ ሰማዕትነቱ ለሌላዋ ይከፈል የሚል ጸሎት በሥርዓተ ተክሊሉ አልተደረሰልንም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን የኤፌሶን ክፍል ሲተረጉም ለባሎች አጥብቆ የሚያስተምረው አገልጋይን በፍርሃት ማሰር ይቻል ይሆናል፣ የኑሮ ተካፋይን፣ የልጆችን እናት ግን በፍቅር እንጂ በማስፈራራት መያዝ እንደማይገባ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም ባሎች ሚስቶቻቸውን የሕይወትን ጸጋ አብረው እንደሚወርሱ አድርገው እንዲያከብሩ ካዘዘ በኋላ ምክንያቱን «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ይላል። በእንግዳ ፊት «ምን ታውቂያለሽ» ብሎ ሚስቱን የሚያዋርድ ሰው ሌሊት ለጸሎት ሲቆም ይህን ቃል ቢያስብ ለነፍሱ ይበጀዋል።

መገዛት ማለት ባል ያለውን ሁሉ ማጽደቅ እንዳልሆነም ቅዱሳት አንስት ያስተምሩናል። የናባል ሚስት አቢግያ ባሏ ዳዊትን ሰድቦ በስንፍናው በቤቱ ላይ ሞት ሲጠራ ሳትነግረው ስንቅ ጭና ወደ ዳዊት ወጣች፤ ዳዊትም ምክሯንም እርሷንም ባረከ። በሀገራችንም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ አለችልን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1592 እስከ 1642 የኖረችው ይህች እናት የአፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የነበረው የመልክዐ ክርስቶስ ሚስት ነበረች፤ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል ባሏ ከንጉሡ ጋር ቢቆምም እርሷ ሃይማኖቷን ከባልዋ ፈቃድ በታች አላደረገችም፤ በመጨረሻም ተለይታው መነኰሰች፣ ብዙዎችንም በጣና አካባቢ ሰበሰበች። ይህን የጻፍሁት ትዳርሽን ፈትተሽ ውጪ ለማለት አይደለም፤ የአንቺ ነገርና የእርሷ ነገር አንድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በቅድስና ያከበረቻት ሚስት «ዝም ብላ የቻለች» ብቻ እንዳልሆነች እንድታውቂ ነው።

መስቀልን በተመለከተ፣ ጌታ «በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ማንም ቢኖር፥ ራሱን ይካድ» ብሎ የተናገረው ለደቀ መዛሙርቱና ለሕዝቡ ሁሉ ነው፤ ለሚስቶች ብቻ የተለየ ትእዛዝ አላወጣም። «የሚወድ» የሚለውንም ልብ በዪ። ስለ ክርስቶስ ስም መነቀፍ፣ የታመመ ባልን በትዕግሥት ማስታመም፣ ሌሊት ከሕፃን ጋር መንቃት፣ ድኽነትን አብሮ መካፈል መስቀል ነው፤ እነዚህን የተሸከመች ሴት ብፅዕት ናት። ሊድን የሚችል ሕመምን ደብቆ ሥጋን ማጥፋት ግን መስቀል አይደለም፤ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነውና እንዲፈርስ ዝም ብሎ ማየት ያስጠይቃል።

እዚህ ላይ አንቺንም በፍቅር ልወቅስሽ ይገባኛል። ሕመምሽን ለባልሽ አልነገርሽውም። የማያውቀውን ሕመም እንዴት ሊካፈልሽ ይችላል? ብዙ ደጋግ ሴቶች እየሰጡ ዝም ይላሉ፤ ዝም እያሉ ደግሞ በልባቸው መዝገብ ይጽፋሉ፤ የሸጥሁት ወርቅ፣ የተውሁት ትምህርት፣ ሳልበላ ያደርሁበት ቀን እያሉ ይቆጥራሉ። ሌላው ስለ መዝገቡ ሳያውቅ ዕዳው ይበዛል፤ ቂም የሚወለደውም እዚያ ነው። ሐዋርያው ሥጋውን እንኳ ለእሳት መቃጠል አሳልፎ ቢሰጥ ፍቅር ከሌለው እንደማይጠቅመው ጽፏል፤ ይህ ቃል መቅለጥን ብቻውን ቅድስና ላደረግን ለሁላችን የሚያስደነግጥ ነው። ያንቺ ፍቅር አልጠፋም፤ ባይኖርማ አትጽፊልኝም ነበር። ነገር ግን ዝምታው እያፈነው ነው። ልጆችሽም እያዩ ነው፤ ሴቶች ልጆች ካሉሽ ሚስትነትን፣ ወንዶች ካሉሽ ባልነትን የሚማሩት ከእናንተ ማዕድ ላይ ነው።

ስለ ቁርባኑ፦ ቂም ያለበት ሰው አስቀድሞ መታረቁ ተገቢ ነውና መጠንቀቅሽን አልነቅፍም፤ ርቆ መቅረት ግን መፍትሔ አይሆንም። ጌታ ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው፣ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ከአንተ ጋር ውሰድ ብሏል። ይህ ሥርዓት ለባልና ሚስትም ይሠራል። ይቅር ማለት በደሉን ትክክል ነበር ማለት አይደለም፤ በደሉን በስሙ ጠርቶ ዕዳውን መተው ነው እንጂ። ስለዚህ ልጆች በተኙበት ሰዓት፣ ቁጣ በሌለበት ቀን፣ ሕመምሽን፣ በእንግዳ ፊት የሚነገርሽ ቃል እንዴት እንደሚያቆስልሽና ትምህርቱን ለምን እንደ ፈለግሽው ሳትለማመጪም ሳትሳደቢም ንገሪው። ከሰማሽ ወንድምሽን ገንዘብ አደረግሽ። ካልሰማሽ የንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁን በአንድነት ያነጋግሩ፤ የሁለታችሁም አባት ናቸውና ለአንዱ አያደሉም። ይህን የምመክርሽ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም ስላልሽ ነው። የምትደበደብ እኅት ይህን ብታነብ ግን ብቻዋን ተቀምጣ እንድትነጋገር አልመክራትም፤ ራስዋንና ልጆችዋን ወደሚጠበቁበት ታሽሽ፣ ለካህንም ለሕግም ታሳውቅ። በዚህ ማንም በሃይማኖት ስም ሊከለክላት አይችልም።

ስለ ማታ ትምህርቱ፣ መማርሽ ትዳርሽን የሚቃረን አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 የተመሰገነችው ልባም ሴት እርሻን ተመልክታ የምትገዛ፣ አፍዋን በጥበብ የምትከፍት ናት፤ ምዕራፉም የሚያልቀው ከእጅዋ ፍሬ እንዲሰጧት በማዘዝ ነው። የልጆች ሁኔታ፣ ሰዓቱና ወጪው ግን የሁለታችሁ ምክር ያስፈልገዋል፤ እርሱ በተማረባቸው ዓመታት ቤቱን አንቺ እንደ ያዝሽው አሁን እርሱ የሚይዝበትን ምሽት እንዲያስብ ጠይቂው። ነገር ግን ሁሉን ከሕክምናው ቀጥሎ አድርጊው። ወደ ንስሐ አባትሽ ከመሄድሽም በፊት ቢሆን በዚህ ሳምንት ሐኪሙን አግኚ፤ የሰጠሽንም ወረቀት ለባለቤትሽ አሳዪው።