በዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ያ ሁሉ ፈሳሽ ለምን?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ያደርጋል። ውሃ በብርጭቆ እየለካሁ ነው የምሰጠው። አሁን እህቱ ኩላሊት ልትለግሰው ነው። በቀዶ ሕክምናው ግን ብዙ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥሩ እንደሚገባ ነገሩን። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ደግሞ «የሚሰጡት ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ ፖታሲየም አለበት» ብላ አስደነገጠችኝ። ሳንባው ውሃ አይሞላም?

መልስ፦ እህቴ፣ እስካሁን ውሃ የሚለኩለት በቂ መውጫ ስለሌለው ነው፤ የጠጣው እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ ሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል። አዲሱ ኩላሊት መውጫ ይሆናል፣ መጀመሪያ ግን ደም ማግኘት አለበት። ከእህቱ ከወጣ በኋላ በበረዶ ቀዝቅዞ ያለ ደም ይቆያል። የደም ሥሮቹ ተሰፍተው መቆንጠጫው ሲለቀቅ፣ የሚደርሰው ደም በባለቤትዎ ግፊት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ማደንዘዣ ግፊት ያወርዳል፤ በዋዜማው ዲያሊሲስ ከተደረገለትም ፈሳሹ ተመጦ ነው የሚገባው። ስለዚህ የሰመመን ሐኪሙ መቆንጠጫው ሳይለቀቅ በፊት የደም ሥሩን ይሞላል። ከሕያው ለጋሽ የመጣ ኩላሊት ብዙ ጊዜ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሽንት ያወጣል፤ ስንት ጊዜ ባየው አልጠግበውም።

ወደ ሪንገሩ ልምጣ (ቤተሰብ ሁሉንም «ግሉኮስ» ነው የሚለው)። ጎረቤትዎ የሚሉትን እኛም ተምረነው ነበር፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፖታሲየም ማስወጣት ስለሚያቅተው ይከማችና ልብን ያውካል። በሪንገር ውስጥ ያለው ፖታሲየም ግን በሊትር 4 ሚሊሞል አካባቢ ነው፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ካለው አይበልጥም። ኖርማል ሳላይን የሚባለው የጨው ውሃ ፖታሲየም የለውም፤ ክሎራይዱ ግን 154 ነው፣ የደማችን 100 ገደማ ሆኖ ሳለ። ብዙ ሲገባ ደም አሲዳማ ይሆንና ሴል ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ወደ ደም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ጥናት፣ ሳላይን ከተሰጣቸው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታካሚዎች 40 በመቶው በመጀመሪያው ሳምንት ዲያሊሲስ አስፈልጓቸዋል፤ ፕላዝማላይት የተባለው ወደ ደም የቀረበ ፈሳሽ ከተሰጣቸው ደግሞ 30 በመቶው። ኩላሊቱ ከሟች ለጋሾች የመጣ ነበር፤ የባለቤትዎ ከእህቱ ስለሆነ አደጋው ከመነሻውም ያነሰ ነው።

የሳንባው ስጋትዎ ግን ልክ ነው። ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ይጎዳል፣ በተለይ ልቡ ከደከመ። ሲተኛ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ለሰመመን ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት። ደረቅ ክብደቱን (ትርፉ ፈሳሽ በዲያሊሲስ ከወጣለት በኋላ ያለውን ክብደት)፣ ዛሬም በቀን ምን ያህል ሽንት እንደሚወጣው ጨምረው ይንገሩ፤ አለበለዚያ የአሮጌው ኩላሊት ሽንት የአዲሱ ይመስላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንቱ በየሰዓቱ እየተለካ ፈሳሹ ይተካለታል፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሊትር ቢወጣው አይደንግጡ።

ብርጭቆውን አይጣሉት። ወደ ቤት ሲመለስ ሐኪሙ በቀን ሁለት ሦስት ሊትር እንዲጠጣ ካዘዘው፣ ያን ጊዜ እንዳያንሰው ይለኩበታል።