«ድሬነሽ» የሚባል ስም አለ ወይ?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። በ1940ዎቹ ድሬ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገፀ ባህሪ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት። ስሟን «ድሬነሽ» አልኳት። ጓደኛዬ ግን «እንዲህ የሚባል ሰው አይተህ ታውቃለህ? ስም አይፈጠርም» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ አንዲት ነገር። «ገጸ ባሕርይ» ይበሉልኝ። ባሕርይ በግእዝ ጠባይም ነው፣ ዕንቁም ነው፤ ዘሩ ባሕር ነው። «ይ»ን ስንጥላት ያ ሁሉ ይጠፋል። ዛሬ ሁሉም «ባህሪ» ብሎ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። እኔ ግን አልጥላትም።

ወደ ድሬነሽ ልመለስ። የአማርኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ሰው የተናገረው ቃል ነው። «ይልማ» ያለው እየመረቀ ነው። «ማስረሻ» ያለችው የቀደመ ሐዘኗን እየነገረችን ነው። «ወርቅነሽ» ያለ ደግሞ ሕፃኗን ራሷን እያናገረ ነው፤ «ነሽ» ሁለተኛ መደብ ናትና። የሚናገር አፍ እስካለ ድረስ ስም ይፈጠራል። ደግሞስ ሸዋነሽ የሚባል ስም አለ አይደል? የአገር ስምና «ነሽ»። ሸዋነሽ ካለች ድሬነሽን የሚከለክል ሰዋስው አላየሁም።

ትርጉሙ ግን ያስቸግራል። ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ ነው። ሶማሌዎች በበኩላቸው ስሙን ዲር የተባለው የጎሣ አባት ጦሩን ከተከለበት ቦታ ጋር ያያይዙታል። «ዳዋ»ን መድኃኒት የሚሉት አሉ፤ ቃሉ የዐረብኛ ነው። በአማርኛ ዳዋ ሰው የተወው ቦታ ላይ የሚበቅለው ነው፤ «ዳዋ በላው» እንላለን። እንግዲህ ቃል በቃል ከሄድን ልጅቷን «ሜዳ ነሽ» ብለናታል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለጆሮዬ አልጣመኝም። እኔ ብሆን «አገርነሽ» እላት ነበር። ግን ድሬ ያደገ ሰው «ድሬ» ሲል ሜዳ ትዝ አይለውም፤ ሰፈሩ ነው ትዝ የሚለው። እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ይልቅ ማን እንዳላት ያስቡ። ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የሞላት ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አባት የመጀመሪያ ልጁን ታቅፎ «እኔ መጤ ነኝ፣ አንቺ ግን ድሬ ነሽ» ቢል ያምርበታል። እዚያው ተወልዳ ያደገች እናት ግን ይህን አትልም። ምን አስባላት?

«ስም መለያ ብቻ ነው፣ ድምፁ ካማረ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። እርግጥ ዛሬ ኤልዳናና ሶልያና በየሰፈሩ ናቸው፤ ወላጅ በጆሮው ይመርጣል። የዘንድሮ ልጅ ቢሆን የሚጽፉት፣ ባልወደውም እሺ እልዎ ነበር። የ1940ዎቹ ልጅ ግን ስሟ ይፈታ።

ጎረቤቶቿን ሁሉ ግን በአማርኛ ዐረፍተ ነገር አይሰይሙብኝ። እዚያው ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ያለው የሐረሪ ቤተሰብ ሐረርን «ጌይ» የሚል ሰው ነው፤ ስም አወጣጡም የራሱ ነው። ሄደው ይጠይቁ፣ ቅርብዎ ነው።

የአባቷን ስም አልጻፉልኝም። እሱንም አንድ ሰው፣ አንድ አገር ሆኖ፣ አንድ ነገር ብሎ ነው የሰየመው። ድሬነሽ የማን ልጅ እንደሆነች ሲወስኑ ይጻፉልኝ።