መልስ፦ ስቴም ሴል የተጎዳ ሕብለ ሰረሰርን ይጠግናል ወይ?

እህቴ፣ ወንድምሽ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ) ያድነው እንደሆነ ጠይቀሻል። ተስፋው እውነት ነው፤ የተረጋገጠ ፈውስ ግን ገና የለም።

የእጅ ነርቭ ሲጎዳ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ እያደገ ሊመለስ ይችላል። ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ግን ጠባሳው መንገዱን ይዘጋል፣ የነርቩ ሽፋን ማይሊንም እድገትን የሚገታ ፕሮቲን አለው። ስለዚህ ሴል መጨመር ብቻውን አይበቃም፤ የገባው ሴል መትረፍና ከነባሮቹ ጋር መገናኘት አለበት። በጂን ሕክምና፣ ማለትም ለሴሎች አዲስ የዘር መመሪያ በመስጠት፣ ጠባሳውን የሚያሟሟ ፕሮቲን እዚያው እንዲመረት ማድረግም በእንስሳት ላይ ተሞክሯል።

በጃፓን የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረጉት የስቴም ሴል ሙከራ ከ4 ታካሚዎች 2ቱ ተሻሽለዋል፤ አንዱ ያለ ድጋፍ እስከ መቆም ደርሷል። ሴሉ የተሰጣቸው ግን ጉዳቱ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ነው። የቆየ ጉዳት፣ ጠባሳው ስለጠና፣ የበለጠ ያስቸግራል።

እባክሽ፣ ገንዘብ ተቀብሎ «ስቴም ሴል ወግተን እናስነሳዋለን» የሚል ክሊኒክ ጋር አትውሰጂው። እንዲህ ታክመው ሕብለ ሰረሰራቸው ላይ እጢ የበቀለባቸው ሰዎች አሉ። እስከዚያው ፊዚዮቴራፒውን አታቋርጡ፤ ተኝቶም ሲውል ቁስል እንዳይወጣበት በየ2 ሰዓቱ ጎኑን ቀይሩለት።